አያት፣ ሰሚት፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይስ ቢሾፍቱ? ግቢ ለሚፈልግ ቤተሰብ የዳር ሰፈሮች ግምገማ

ከመሃል አዲስ አበባ ወጥቶ ሰፊ ግቢ፣ ጸጥታና ልጅ የሚሮጥበት ቦታ የሚፈልግ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ግን ቤተሰቡ ግቢውን ይጠቀምበት ወይም አይጠቀምበት እንደሆነ የሚወስኑት ውሃው፣ ከበሩ ውጭ ያለው መንገድና ከሥራ የሚመለሱበት ሰዓት ናቸው። እናትና አባት ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት የማይደርሱበት 500 ካሬ የዘበኛና የውሻ መዋያ ነው።

እስቲ ካሬውን ራሱን እንመንዝረው። በ250 ካሬ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ሲሠራ ቤቱ 100 ካሬ ገደማ መሬት ይይዛል። ሰርቪስ ቤቱ 25፣ የሁለት መኪና ማቆሚያ ከነመዞሪያው 35፣ መተላለፊያው፣ የውጭ ደረጃውና የሮቶው ማስቀመጫ ሌላ 20 ይወስዳሉ። የሚተርፈው 70 ካሬ ነው። በ175 ካሬ ላይ 35 ወይም 40 ብትተርፍ ነው፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የከበበች የ2 ሜትር ኮሪደር ሆና ትቀራለች። እዚያ የታጠበ ልብስ ይሰጣል እንጂ ኳስ አይጫወቱም። ስለዚህ ቤቱ ወደ አንድ ጥግ ተጠግቶ ባዶው ቦታ በአንድ በኩል የተጠራቀመበትን ግቢ ፈልጉ። 8 በ7 ሜትር አንድ ላይ ባዶ ያለው 200 ካሬ፣ በኮሪደር ካለቀ 250 ካሬ ይበልጣል። ግቢው ጥግ እስከ ጥግ ቴራዞ ወይም ሴራሚክ የለበሰ ከሆነ ደግሞ ሣር ለመትከል የማፍረሻውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሳችሁ ተነጋገሩ።

ልጆች ላሉት ቤተሰብ ምርጫችን አያት ነው፤ በተለይ የቆዩት የአያት ሪል እስቴት ዞኖች። ምክንያቱ የውስጥ መንገዶቹ ናቸው። ወደ ሌላ ሰፈር ማቋረጫ ስላልሆኑ የሚያልፍባቸው አብዛኛው መኪና የነዋሪው ነው፤ ልጅ ከበር ወጥቶ ብስክሌት ሊነዳ ይችላል። ዛፎቹም አድገዋል፤ አዲስ ሰፈር ውስጥ ጥላ ለማግኘት አሥር ዓመት መጠበቅ አለ። ጉድለቱ ጉዞው ነው። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መነሻው አያት፣ መድረሻው ጦር ኃይሎች ሲሆን መስመሩ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወረቀት ሲታይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር። ነገር ግን ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ስለቆሙ የሚሠሩት ተጨናንቀው ነው የሚሄዱት፤ «ባቡር አጠገቡ ነው» የሚለውን ብቻ አምኖ ቤት መግዛት አይመከርም። በመኪና ከአያት መገናኛ በክፍት መንገድ ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ ለሚነሳ ግን እጥፉንም ያልፋል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ባቡሩ የሲኤምሲን መንገድ መሃል ለመሃል ስለከፈለው መኪና በፈለገበት ቦታ መሻገር አይችልም። ቤቱ ከሐዲዱ በየትኛው ወገን እንደሆነና ወደ መገናኛ ለመውጣት የት ድረስ ሄዳችሁ እንደምትዞሩ ሳታዩ አትስማሙ። በየጠዋቱ ለመዞር ብቻ የሚባክን ደቂቃ በዓመት ሲደመር ብዙ ነው።

ሰሚት ለኑሮ የበለጠ ይመቻል። ከፔፕሲ እስከ ፍየል ቤት ባለው መንገድ ሱፐርማርኬቱ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ቅርብ ነው። ከሲኤምሲ በሰሚት ወደ ጎሮ የሚወርደው የኮሪደር ልማትም ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መስመር አምጥቷል፤ ማታ ማታ ቤተሰብ ወጥቶ የሚንሸራሸርበት መንገድ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ግቢ ፍለጋ ለመጣ ሰው ግን ሰሚት እየጠበበ ነው። የጎረቤቱ ባዶ ቦታ ምን እንደተፈቀደለት ከወረዳው ጠይቁ፤ ጂ ፕላስ ፎር ከጎናችሁ ከተነሳ የእናንተ ግቢ ለአምስት ፎቅ ነዋሪ ቴሌቪዥን ይሆናል። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ መጥታችሁ ድምፁንም አድምጡ።

የግቢ ኑሮው ብቻ ከታየ ለገጣፎ ከሁሉም የተሻለ ነው። እንደ ካንትሪ ክለብና ሮፓክ ያሉት የታጠሩ መንደሮች ሰፋፊ ቦታ፣ የውስጥ መንገድና ጥበቃ አላቸው፤ አየሩ ንጹህ ነው፤ ሌሊቱም ከጅብ ድምፅ በስተቀር ጸጥ ያለ ነው። (ጅቡ ቀልድ አይደለም። አጥሩ ሥር ክፍተት ካለ ውሻችሁን አታሳድሩበት።) ዋናው መንገድ ግን ወደ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን የሚያልፍ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ልጅ ብቻውን ከመንደሩ ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚሄድበት አይደለም፤ የተማሪ ሰርቪስ መኪና ግድ ነው።

ለገጣፎ ላይ ከሁሉ በላይ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለወረቀቱ ነው። ከተማዋ በ2015 በተቋቋመው ሸገር ከተማ ሥር ናት፤ ካርታው፣ ግብሩ፣ መታወቂያው፣ የውሃ አገልግሎቱም የኦሮሚያ ነው፤ ቢሮው የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማያነብ ሰው ፋይሉን የሚያነብለት የራሱን ሰው ይዞ ይሂድ፤ የሻጩ ወይም የደላላው ሰው አይሁን። የካቲት 2011 ላይ ሕገወጥ ግንባታ ተብለው ብዙ ቤቶች የፈረሱት እዚሁ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት ቤት ለዩ። አንዱ አልሚው በሊዝ የወሰደው ቦታ ላይ ተሠርቶ ለእያንዳንዱ ገዢ በስሙ ካርታ የወጣለት ነው። ሌላው «ከገበሬ የተገዛ» የሚባለውና በውል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ነው። ሁለተኛው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ምንም ያህል ጎረቤቱ ሁሉ ሠርቶ ቢኖርበትም፣ አትንኩት።

ለአዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ቦታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ? በአዋጅ 721/2004 መሠረት በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ ሊዝ ሊኖር ይችላል፤ እሱን ማን እንደሚከፍል ዋጋው ላይ ከመስማማታችሁ በፊት በጽሑፍ ይግባ። ከእዳና እገዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳየው ማረጋገጫ የቆየ ሳይሆን አሁን የወጣ መሆን አለበት። በካርታው ላይ ያለውን ልኬት በሜትር ለኩ፤ የአጥሩ ግንብ ከካርታው ወጥቶ መንገድ የገባበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ መንገዱ በሚሰፋ ጊዜ የሚፈርሰው ያ ክፍል ነው።

ሱሉልታን በአጭሩ፦ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ለሯጭ ገነት ነው፤ የቀነኒሳ መሮጫና ያያ ቪሌጅ ያሉትም እዚያ ነው። ማታ ውጭ ተቀምጦ እራት ለመብላት ለሚያስብ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይወርዳል፤ ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ይቋጥራል፤ የጎጃም መንገድ አቀበትም በጭነት መኪና ይጨናነቃል። ከቤት የሚሠራና ብርድ የማይፈራ ሰው ይሂድበት።

ቢሾፍቱ ተቃራኒው ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ማታ ያለ ካፖርት በረንዳ ላይ መቀመጥ የሚቻልበት፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች ያሉበት ከተማ ነው። በፍጥነት መንገዱ እስከ አዲስ አበባ መግቢያ ድረስ መምጣቱ ይቀላል፤ ከመግቢያው መሃል ከተማ መድረሱ ነው ጣጣው። በየቀኑ ለመመላለስ 45 ኪሎ ሜትር ከክፍያው ጋር ይከብዳል። የአየር ኃይሉ ጣቢያ እዚያ ስለሆነ የጄት ድምፅም ይሰማል። ወባም አለ፤ መስኮቱ ሁሉ ወንፊት ይኑረው። ቤቱ የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ፍሎራይዱን አስለኩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆች ጥርስ ይቀልማል።

አሁን ሰፈር ሳይለይ የሚበላሹትን ነገሮች እንይ። ቀዳሚው አፈር ነው። በሰሚት፣ በአያት፣ በጎሮና በለቡ በኩል ጥቁር ዋልካ ይበዛል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮት ያነሳዋል ያወርደዋል። የሚጎዳው በአብዛኛው ጥልቅ መሠረት ያለው ዋናው ቤት ሳይሆን ሰርቪስ ቤቱ፣ አጥሩና በረንዳው ነው። ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ በሰሌክት (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ካልተተካ በረንዳው ከቤቱ ተለይቶ ይሰምጣል። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ፈልጉ። አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካያችሁ ለምን እሱ ብቻ እንደተቀባ ጠይቁ። በሮቹን ሁሉ ክፈቱና ዝጉ፤ ነሐሴ ላይ የሚጨናነቅ በር ታኅሣሥ ላይ ምንም ላይመስል ስለሚችል በሩ የተላገ እንደሆነ ጠርዙን ዳብሱት። አጥር ሥር የተተከለ ባሕር ዛፍ አፈሩን ይበልጥ ያደርቀዋልና ስንጥቁን ያባብሰዋል። ሌላው የዋልካ ጣጣ ሴፕቲክ ታንኩ ነው። ዋልካ ውሃ ስለማያሰርግ በክረምት ቶሎ ይሞላል። የፍሳሽ መኪናው ቱቦ ከበር እስከ ታንኩ ክዳን መድረሱን፣ ክዳኑም ልጆች በሚጫወቱበት ሣር መሃል አለመሆኑን ተመልከቱ።

ውሃ በፈረቃ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የፈረቃው ርቀት ነው። አምስት ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ነው። የ2,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ ሣር ማጠጣት ከተጨመረ ሦስት ቀን አይሞላም። በ70 ካሬ ሣር ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ማጠጣት ማለት 350 ሊትር ነውና በበጋ የቤተሰቡን ያህል ይጠጣል። ለዚህ ነው ከውጭ የመጣ ሣር ትቶ ሰርዶ መትከል የሚሻለው፤ በጋ ቢደርቅም ከሥሩ ይመለሳል። ሳምንታዊ ፈረቃ ባለበት 5,000 ሊትር ዝቅተኛው ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ለአትክልት የሚይዝ ሌላ ሮቶ ቢኖር ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ከቧንቧው ምንም አትወስዱም።

ስለ መብራት አንድ ፈተና በቂ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰክታችሁ አምፖሉን እዩ። 3.5 ኪሎ ዋት የሚጠይቅ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። መስመሩ ደክሞ 180 ቮልት ላይ ከወረደ ምጣዱ የሚሰጠው ኃይል ወደ 2.3 ኪሎ ዋት ይወርዳል፤ እንጀራው አይን አያወጣም፣ የውሃ ፓምፑም እየጋለ ይቃጠላል። አምፖሉ ከደበዘዘ ብዙ ቤት አንድ ትራንስፎርመር ላይ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ያለውን ቤት ምረጡ።

በረንዳውን በተመለከተ ጥልቀቱ ከ2.5 ሜትር አይነስ፤ ከዚያ በታች ጠረጴዛና ስድስት ወንበር ሲገባ መተላለፊያ አይኖርም። በበጋ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ በክረምት ወደ ሰሜን። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የዞረ በረንዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ከሰዓት በኋላም ጥላ ይሆናል። ወደ ምዕራብ የዞረው ከ9 እስከ 11 ሰዓት አያስቀምጥም። ያም ማለት ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት ባዶውን ይውላል።

መግዛት ከመወሰናችሁ በፊት እዚያው ሰፈር ውስጥ መከራየት ይሻላል። በአዋጅ 1320/2016 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ውሉ ወረዳው ዘንድ መመዝገብ አለበት። ስድስት ወር በቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ከገጠማችሁ አዋጁን ጠቅሳችሁ ተከራከሩ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካሳለፋችሁ መንገዱንም፣ ፈረቃውንም፣ አፈሩንም ታውቃላችሁ። ለዚያ ጊዜ የሌለው ሰው የጎረቤቱን ዘበኛ ይጠይቅ፤ ውሃ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከባለቤቱ የበለጠ የሚያውቀው ማታ ተነስቶ ፓምፑን የሚያበራው እሱ ነው። ከዚያም ሮቶውን ከላይ ወደ ታች በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶው ጋ ይጮኻል፣ ውሃው ጋ ይታፈናል። ፈረቃው ትናንት ነበር ተብሎ ዛሬ ድምፁ እስከ ታች ድረስ ከጮኸ፣ ግፊቱ ሮቶው ድረስ አይደርስም፤ ለመሬት ታንከርና ለፓምፕ የሚወጣውን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ።