መሪዬን ያረጋጋው የደብረ ብርሃን ጎሚስታ

ቪትዝ መኪናዬ ፍጥነቷ 80 ሲገባ መሪዋ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጫጫ ደብረ ብርሃን ጥርሴን ነክሼ ነው የምነዳው። አንድ ጋራዥ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ሠርቶ ብሬን ተቀበለ፤ ለውጥ የለም።

ወደ ጣርማበር መውጫ ላይ ያለው ጎሚስታ ግን መጀመሪያ ጠየቀኝ። «ፍሬን ስትይዝ ነው ወይስ ዝም ብለህ ስትነዳ?» ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑን ዲስክ እንደሚጠረጥር ነገረኝ። የእኔ ዝም ብሎም ነው። የፊት ግራውን ጎማ ፈታና የጎማ ክብደት ማመጣጠኛው ባላንስ ማሽን ላይ አሽከረከረው። ቸርኬው ውስጥ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጭቃ ተጋግሯል! በካቻቪቴ ፍቆ አወጣው፤ ከዚያ ክብደቱን ለማመጣጠን 20 ግራም የእርሳስ ብረት ለጠፈ። ዳዶዎቹንም በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እያፈራረቀ አጠበቀ። ይሄን ጥንቃቄ ወደድኩለት። አሁን 100ም ላይ መሪው ጸጥ ነው።

ማሽኑ አንድ ስለሆነ ወረፋ አለ። በጠዋት ሂዱ፤ ጋቢም ያዙ፣ ብርዱ አይጣል ነው።