ሱሉልታ ሜዳ በሳይክል፦ ወገቤን አሞኛል፣ ግን ደግሜ እሄዳለሁ

ሳይክል መንዳት የተማርኩት በ41 ዓመቴ ነው። ልጅ ሆነን ወንድሞቼ ጃንሜዳ በሳንቲም ሳይክል ተከራይተው ሲዞሩ፣ እኔ ሹራባቸውን ታቅፌ ዳር እቆም ነበር። የከለከለኝ ሰው አልነበረም። እኔም እንደምነዳ አላሰብኩም፣ እነሱም አላሰቡም። ከኮሪደር ልማቱ ጋር ሰፈሬ አራት ኪሎ የብስክሌት መስመር ሲሠራ ግን ሰበብ አጣሁ። የእህቴን ልጅ ሳይክል ተውሼ፣ ጎህ ሳይቀድ እየወጣሁ መውደቅ ጀመርኩ። በደንብ ነው የወደቅሁት።

አሁን ሁለት ዓመት ሆነኝ። የከተማውን መስመር እወደዋለሁ፣ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ የሳይክል መሆኑ ይቀራል። ልጅ የሚያንሸራሽር አለ፣ ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ አለ፣ ጀበና ይዛ የምታቋርጥ አለች። እኔ የምፈልገው ደወል ሳልደውል፣ ወደኋላ ሳልገላመጥ ሁለት ሰዓት መሄድ ነው። መኪና የሌለበት፣ ዳገትም የማይበዛበት የገጠር መንገድ።

አራት ኪሎ አካባቢ ሳይክል የሚጠግኑ ልጆች አሉ። እሁድ እሁድ ሰው ሰብስበው ሱሉልታ ሜዳ ይወስዳሉ። ስማቸውን አልጠራም። ቅሬታም አለኝ፣ ልጆቹም ገና ጀማሪ ናቸው። ሂሳቡ 2,200 ብር ነው፦ ሳይክል፣ ሄልሜት፣ የመኪና ደርሶ መልስና መንገድ መሪ። ቁርስ በራስ ነው። ውሃም በራስ ነው፤ ይህን ግን ቀድመው አልነገሩንም።

የሄድነው በጥቅምት ሦስተኛው እሁድ ነው። ቀጠሮው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ከሐውልቱ ፊት ለፊት። እኔ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። እነሱ 12 ከአምስት ላይ መጡ። የሥላሴ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ እየሰማሁ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይሉ የለ? አጥንት ቀርቶ ትኩስ ሻይ የሚሸጥ እንኳ አልነበረም። ይቅርታ ጠየቁ፣ ይቅርታውም ከልብ ነበር። ብርዱ ግን ይቅርታ አይገባውም።

ሳይክሎቹ አባዱላው ፖርቶመጋላ ላይ በገመድ ታስረዋል። እኛ ስድስት ሰዎች ውስጥ ተጠቅጥቀናል። በፒያሳ፣ በሰሜን ሆቴል፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን ሽቅብ ወጣን። የአገልግሎቱ ግማሽ ዋጋ እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ከአዲሱ ገበያ በኋላ ያለውን ዳገት፣ የጭነት መኪና ጭስ እየጠጣሁ በእግሬ ኃይል የምወጣበት ምክንያት አልታየኝም። ዳገቱን አባዱላው ይውጣው፣ ሜዳው ለኔ ይድረሰኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የጎጃም መንገድ አስፋልት ጥሩ ነው ብላችሁ ለብቻችሁ እንዳትገቡበት። ከደርባ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች የሚወርዱት በዚያው ነው። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ሱሉልታ ከተማን ትንሽ አልፈን መኪናውን አቆሙና፣ ሳይክሎቹን አውርደው ቀጥታ ወደ ጥርጊያው መንገድ አስገቡን። አስፋልቱን የነካነው ለመሻገር ብቻ ነው። ከመነሳታቸው በፊትም ማታውኑ እዚያ ለሚያውቁት ሰው ደውለው የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቃሉ። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ምክንያት ጉዞ ሰርዘው ብር መልሰዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ በኔ ሚዛን ሠላሳ አምስት ደቂቃ መዘግየታቸውን ግማሹን ያካክሳል።

ቀጭን ጎማ ያለውን ኮርስ ሳይክል ልውሰድ ወይስ ወፍራም ጎማ ያለውን ማውንቴን ብላችሁ የምታመነቱ፣ ማውንቴን ውሰዱ። አብሮን የነበረ አንድ ጎልማሳ የራሱን ኮርስ ይዞ መጥቶ፣ ኮረኮንቹ ላይ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው የዋለው። ክረምት ላይ ደግሞ ማንኛውንም እንዳትወስዱ። ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፣ ጥቁር አፈሩም ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ነው የሚለጠፈው።

በጥቅምት ግን! ሣሩ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል። ድርቆሹ ገና ሙሉ በሙሉ አልደረቀም፤ ሽታው ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ ነው። ፀሐይ ወጥታ ውርጩን ስታቀልጠው ሜዳው ሁሉ ይጨሳል። ከሩቅ ባህር ዛፍ፣ ከባህር ዛፉ ሥር ቆርቆሮ ቤት፣ ከቤቱ ፊት ላሞች። መንገዱ ዝርግ ነው። ቀስ ብሎ ያዘቀዝቃል፣ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ አያስጨንቅም። ቆጥሬያለሁ፦ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ያገኘነው መኪና አንድ ድርቆሽ የሚጭን አይሱዙ ብቻ ነው። የቀረው አህያ፣ የፈረስ ጋሪና በሩጫ የሚያልፉን አትሌቶች ናቸው። ቀነኒሳ የመሮጫ መሙን ሱሉልታ ላይ የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቦታው ከመሀል አዲስ አበባም ከፍ ይላል፣ አየሩ ይሳሳል። እኔ ይህን ያወቅሁት በሳንባዬ ነው። የመጀመሪያዋን ጉብታ ስወጣ መንገድ መሪያችን ዞር ብሎ «አይዞሽ ማዘር!» አለኝ። አራት ኪሎ ላይ «ሲስተር» ነበርኩ።

ፍሬኑን እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ ዋናው ቅሬታዬ እሱ ነውና። ከጉብታዋ ስወርድ የኋላውን ፍሬን ያዝኩት። ምንም የለም። እጄታው እስከ መጨረሻው ገባ፣ ሳይክሉ ግን ይሄዳል። የፊቱን ለብቻው አጥብቆ መያዝ አፍንጫ እንደሚያስደፋ ስለማውቅ፣ እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ አንድ ክምር ድርቆሽ ውስጥ ገባሁ። የክምሩ ባለቤት የሆኑ አባት ከሩቅ አይተው እስኪበቃቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በኋላ። መንገድ መሪው ልጅ የፍሬኑን ሽቦ በሁለት ደቂቃ አጥብቆ አስተካከለው። ነገሩ ሁለት ደቂቃ ከሆነ የሚፈጀው፣ አራት ኪሎ ላይ ለምን አልተሠራም? ሳይክል እየጠገነ የሚኖር ሰው የሚያከራየውን ሳይክል ፍሬን ሳይሞክር ማውጣቱ አይገባኝም።

ደግሞ ያው ልጅ ጎማ ሲጠግን ብታዩት ቂም አትይዙም። አንዷ ተጓዥ የአጥር እሾህ ወጋባት። ልጁ ሳይክሉን ገልብጦ በመቀመጫውና በመሪው አቆመው። ከቦርሳው ሁለት የሾርባ ማንኪያ አወጣ። በማንኪያዎቹ እጄታ የጎማውን ከንፈር ከቸርኬው ፈልቅቆ፣ ካላማዳሪውን እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣው። ነፍቶት ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ወሰደው። ውሃው ውስጥ እየደፈቀ በዝግታ ያዞረዋል። ከብት የሚጠብቅ ትንሽ ልጅ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያያል። አረፋዋ ብልጭ ስትል ትንሹ ልጅ ቀደመውና ጣቱን አሳረፈባት፦ «ኩኖ!» ይቻት፣ ማለቱ ነው። ጠጋኙ ቦታዋን በእስክሪብቶ ከበባት፣ አደረቃት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፣ ማስቲሽ ቀባት። ከዚያ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ለምን አትለጥፈውም ስለው፣ ማስቲሹ እርጥብ እያለ ከተለጠፈ እንደማይዝ ነገረኝ። ጣት ሳይዝ ሲቀር ነው የሚለጠፈው። ከመግጠሙ በፊት ደግሞ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ዳበሰው። እሾኩ እዚያው ተሰክቶ ነበር። እኔ ባለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ሦስት ካላማዳሪ የቀየርኩበት ምስጢር ይኸው ተገለጠልኝ።

ቁርስ ሱሉልታ ከተማ ነው። ጨጨብሳና ትኩስ ወተት። ሱሉልታ የወተት አገር ነውና ስለ ወተቱ ብዙ አልልም፤ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። ሴቶች ግን ይህን እወቁት፦ ሽንት ቤት የምታገኙት እዚህ ቁርስ ቤት ብቻ ነው። ሜዳው ዝርግ ነው ብያለሁ፣ ዝርግ ማለት መሸሸጊያ የለውም ማለትም ነው። ውሾችም አሉ። ስትሮጡ ይብሳሉ፤ ከሳይክል ወርዳችሁ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሀል አድርጋችሁ በእግር ማለፍ ነው። ሰላምታ አትርሱ። «አካም» ያላችሁት ሰው ውሻውን ራሱ ይጠራላችኋል።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያ ባለኮርሱ ጎልማሳ ስለ ስፔን ያወራን ጀመር። እዚያ ባቡር የቀረባቸውን የድሮ የሐዲድ መስመሮች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብስክሌትና ለእግረኛ መንገድ አድርገዋቸዋል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ ሐዲዱ ሲዘረጋ መሬቱ ተቆርጦም ተሞልቶም ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ልጅም ሽማግሌም ይነዳበታል። እኔ ወዲያው ያሰብኩት ለገሃርን ነው። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ ከመሀል ከተማ ተነስቶ በአቃቂ አድርጎ ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል። እስቲ አስቡት፣ ከለገሃር ጣቢያ ሳይክል ላይ ወጥቶ ያለ አንድ መኪና ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር መውረድ። አባዱላም አያስፈልግ፣ ማንም በብርድ አያስጠብቀኝ። እስከዚያው ግን ያለን ሱሉልታ ነው።

ሄልሜቱ የሰው ላብ ይሸታል፣ ከሥሩ ሻሽ እሰሩ። መቀመጫው ድንጋይ ነው። እኔ ማክሰኞ ድረስ ቢሮ ወንበር ላይ በአንድ ጎኔ ነው የተቀመጥኩት፤ አንዷ ባልደረባዬ ምን ሆነሽ ብላ ስትጠይቀኝ ድርቆሽ ውስጥ ገብቼ አልኳት፣ ቀልድ መሰላት። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ለመንገዱ ብቻ ቢሆን አምስት ነበር።

ለመጪው እሁድ ቦታ ይዣለሁ። ቀጠሮው 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። ሳይክሉ ፖርቶመጋላ ላይ ከመታሰሩ በፊት ግን የኋላ ፍሬኑን ራሴ እሞክረዋለሁ።