ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ሁለት ሌሊት፦ ሕፃናት ይዞ መሐል አዲስ አበባ ሆቴል ማደር

በዘንድሮው የመንፈቅ ዓመት የትምህርት እረፍት ልጆቻችንን ይዘን ከከተማ ለመውጣት አስበን ነበር። ሆኖም የሰባት ዓመቱ ልጄን ረጅም የመኪና ጉዞ ያስመልሰዋል፤ የሦስት ዓመቷ ታናሹ ደግሞ የቀን እንቅልፏ ከቀረባት ሌሊቱን በሙሉ ስትነጫነጭ ታድራለች። ስለዚህ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ተመካክረን፣ የምንኖረው በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ በመሆኑ፣ መሐል አዲስ አበባን እንደ ሩቅ አገር ቆጥረን ዓርብ ገብተን እሑድ የምንወጣበት ሆቴል ያዝን። የመረጥነው ከታላቁ ቤተ መንግሥት ኮረብታ በታች፣ ከፍልውሃ ብዙም የማይርቅ፣ «ለቤተሰብ የሚመች» እየተባለ የሚተዋወቅ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ነው። ቅሬታዬን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ሰጥቼ መልስ እየጠበቅሁ ስለሆነ ስሙን አልጠቅስም። የምጽፈው ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው በዚያ አካባቢ ማደሪያ ሲፈልግ ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

በመጀመሪያ ለምን ያንን አካባቢ እንደመረጥን ልናገር። በውጭ አገር ትልልቆቹ የመዝናኛ ፓርኮች ሆቴሎቻቸውን ከፓርኩ አጠገብ ይሠራሉ፤ የፓሪሱ ዲዝኒላንድ ሆቴል እንዲያውም የተገነባው በራሱ በፓርኩ መግቢያ ላይ ነው። የዚህ ጥቅም የሚገባው ሕፃን ይዞ የዋለ ሰው ብቻ ይመስለኛል። ትንሽ ልጅ ቀኑን ሙሉ መዋል አይችልም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ይጫወታል፣ ይደክመዋል፣ ያለቅሳል፤ ማደሪያው ቅርብ ከሆነ ተመልሶ ይተኛና አሥር ሰዓት ላይ አዲስ ሰው ሆኖ ይነሣል። ማደሪያው ሩቅ ከሆነ ግን ቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አበቃ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ለልጆች መዋያ የሚሆኑት ቦታዎች በአሁኑ ጊዜ ተቀራርበው የሚገኙት በዚሁ ኮረብታ ዙሪያ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው አንድነት ፓርክ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ወዳጅነት ፓርክ ከሸራተን ፊት ለፊት ይገኛል፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየምም እዚያው አጠገብ ነው። ሆቴሉን የያዝነው ለዚህ ቅርበቱ ነበር፤ በዚህ በኩል ፈጽሞ አላሳፈረንም።

ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ከሆቴሉ ወጥተን ታናሿን በጋሪ እየገፋን በእግር ወደ ላይ ወጣን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ መንገድ የሕፃን ጋሪ መግፋት የማይታሰብ ነበር፤ አሁን በኮሪደር ልማቱ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ጋሪውን ያለ ችግር ያስኬዳል። ዳገቱ ግን ዳገት ነው፤ እናቴ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። በአንድነት ፓርክ ልጄ የዳግማዊ ምኒልክን ግብር አዳራሽ ስፋት አይቶ «እዚህ ውስጥ ኳስ ይጫወቱ ነበር?» ሲል ጠየቀ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በሰም የተሠራ ምስል ባየ ጊዜ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ በሕይወት ያሉ መስሎት ነበር። የደርግ ዘመን ሲጀምር የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት ታስረውበት የነበረውን ምድር ቤት ባለቤቴና እናቴ ብቻ ወርደው ጎበኙት፤ እኔ ልጆቹን ይዤ ውጭ ቆየሁ። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሁሉ እንዲሁ ተራ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ያ ክፍል ለአዋቂ የሚገባው ዝምታ አለው፣ ሕፃን ደግሞ ለመፍራት ካልሆነ በቀር ምንም አያተርፍበትም። አንበሶቹ ዘንድ ስንደርስ ታናሿ ደክሟት ስለነበር ጥቁሩን ጋማ ለማየት ቀና ያለችው ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለስን፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አልጋዋ ላይ ነበረች። የከፈልነው ገንዘብ ለዚህች ሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ አይቆጨኝም ነበር።

ምሽት ላይ ወዳጅነት ፓርክ ወርደን በሙዚቃና በመብራት የሚጨፍረውን የውሃ ፏፏቴ አየን። ውሃው መጀመሪያ ሽቅብ ሲፈነዳ ታናሿ በድንጋጤ አንገቴ ሥር ተወሸቀች፤ ወዲያው ግን «ድገም በይው» ትለኝ ጀመር። የጥር ምሽት ብርድ ከባድ ነውና ሹራብና ጋቢ ሳይዙ መውጣት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ ሰው የሚያስታውሰው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው።

ወደ ሆቴሉ ልመለስ፤ ቅሬታዬ የሚጀምረው ከእንግዳ መቀበያው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ደውዬ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች እንደምፈልግ፣ በአንደኛው እናቴና ልጄ፣ በሌላው እኔና ባለቤቴ ከታናሿ ጋር እንደምናድር በግልጽ ተናግሬ፣ «ይቻላል፣ ተመዝግቧል» የሚል መልስ አግኝቼ ነበር። ዓርብ በ8 ሰዓት ስንደርስ የተሰጡን ቁልፎች ግን አንዱ የአራተኛ፣ ሌላው የሰባተኛ ፎቅ ሆነው ተገኙ። በመቀበያው የነበረችው ወጣት በትሕትና «እህቴ፣ ሲስተሙ ላይ የሚታየው ጥያቄ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም» አለችኝ። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን ጥያቄና ማረጋገጫ የተለያዩ መሆናቸውን እንግዳው ማወቅ ያለበት ልጆቹንና ሻንጣውን ይዞ ከመጣ በኋላ አይደለም፤ ስልኩን ያነሣው ሰው ያኔውኑ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ከጠበቅን በኋላ በአራተኛው ፎቅ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ክፍሎች ተገኙልን፤ የውስጥ በር ግን የላቸውም። ስለዚህ ክፍል የሚይዝ ሰው የክፍሎቹን ቁጥር ጨምሮ በጽሑፍ መልእክት እንዲልኩለት ይጠይቅ። የቃል ተስፋ ለአዋቂ እንግዳ ይበቃ ይሆናል፤ ልጅ ለያዘ ሰው አይበቃም።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ አንሶላው ነጭ፣ መታጠቢያ ቤቱም የሚያብረቀርቅ። ያሳሰበኝ በረንዳው ነው። መከለያው በአግድም የተዘረጉ ብረቶች ነው፤ ይህ ለሕፃን መሰላል ማለት ነው። ልጅ ባለበት ቤት የበረንዳ ብረት ቁም ሆኖ መሠራት አለበት፤ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተትም ከ10 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። እኛ የበረንዳውን በር ቆልፈን ቁልፉን እናቴ ቦርሳ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ሁለቱን ቀን በረንዳ እንደሌለን ቆጠርን። የቧንቧው ሙቅ ውሃም መጠኑ ያልተስተካከለ ነበርና መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ሙቁን እየከፈትሁ በክርኔ ሳልለካ ልጆቹን አላስገባሁም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሆቴሉ በአንድ ሳምንት ሥራ ሊያስተካክላቸው ይችላል። ለቤተሰብ እመቻለሁ ብሎ ለሚያስተዋውቅ ቤት ደግሞ ከሁሉም ነገር የሚቀድሙት እነዚህ ናቸው፤ በመግቢያው አዳራሽ የተተከለው ባለ ቀለም ሸርተቴ የሚመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው።

ስለ ሸርተቴው ካነሣሁ፣ የልጆች መጫወቻ ክፍሉ ጥሩ ክፍል ነው። ወለሉ ለስላሳ፣ መጫወቻዎቹ ያልተሰባበሩ፣ ጠባቂዋም የልጆችን ስም አንድ ጊዜ ሰምታ የምትይዝ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ለልደት ተከራይቶ ስለነበር ተዘግቶ አገኘነው። ልጄ በመስታወቱ ውስጥ ሌሎች ልጆች ሲጫወቱ እያየ ቆመ። ክፍሉን ማከራየታቸውን አልቃወምም፤ ገቢ ያስፈልጋቸዋል። ግን ሰዓቱን ገና ስንገባ ቢነግሩን ኖሮ ልጁን ተስፋ አስቆርጬ በመስታወት በር ፊት አላቆመውም ነበር።

የዋና ገንዳው ውሃ በረዶ ነው። ልጄ እግሩን ነክሮ ወዲያው አወጣው፤ ሁለቱን ቀን ሌላ ማንም ሲዋኝ አላየንም። ይህ ያሳዘነኝ ቦታው ፍልውሃ በመሆኑ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እኮ በዚሁ ሙቅ ውሃ ምክንያት ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ ከተማዋ ምናልባት ሌላ ቦታ በሆነች ነበር። እናቴ ልጅ ሳሉ አያቴ እጃቸውን ይዘው ፍልውሃ እንዴት ይወስዷቸው እንደነበር፣ እንፋሎቱንና ተራ ይጠበቅበት የነበረውን ወንበር፣ ከገንዳው ዳር ተቀምጠው ለልጅ ልጃቸው ተረኩለት። ሂልተን የዋና ገንዳውን በዚሁ ከመሬት በሚፈልቅ ሙቅ ውሃ እንደሚሞላ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከልጆቹ ጋር መዋኘት ዋና ዓላማው የሆነ ቤተሰብ ማደሪያውን ከመምረጡ በፊት የገንዳው ውሃ ይሞቅ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ ልምጣ፤ ስለ እርሱ ከልቤ ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ። ዓርብ ስለነበር እኔና እናቴ የጾም አዘዝን፤ ሽሮው ትኩስ፣ ጎመኑ ዘይት ያልበዛበት፣ ምስር ወጡም በደንብ የበሰለ ነበር። የልጆች ምግብ በሚለው ገጽ የተጻፈው ግን ፓስታ፣ በርገርና ድንች ጥብስ ብቻ ነው። ልጆቼ ቤት የለመዱት በርበሬ የሌለበት አልጫ ነውና አስተናጋጁን ጠርቼ ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሼፉን ልጠይቅልዎ» ብሎ ሄደ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የድንችና የካሮት አልጫ ከለስላሳ እንጀራ ጋር መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ታናሿ ከተደረደረው ቁርስ ሁሉ፣ ከእንቁላሉም ከጨጨብሳውም ከኬኩም ፊቷን አዞረች። ክፍላችንን የሚያጸዱት ጠና ያሉ ሴት በአጠገባችን ሲያልፉ አዩን፤ ለእናቴ «እማማ፣ ልጅቷ አጥሚት ትወዳለች?» ብለው ጠየቁ። ከወጥ ቤት አሠርተው በሲኒ አመጡላት። እሑድ ጠዋት ሳንጠይቅ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አስተዳደሩ ይህን ደግነት ከሠራተኞቹ ተምሮ አጥሚቱንና አልጫውን በምግብ ዝርዝሩ ላይ ሊያሰፍረው ይገባል፤ ለመጠየቅ የሚያፍር እንግዳ እነዚህ ነገሮች መኖራቸውን ሳያውቅ ልጁን ድንች ጥብስ አብልቶ ይመለሳል። የሕፃናት ከፍተኛ ወንበር ግን ለዚያ ሁሉ አዳራሽ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከ2 ሰዓት በፊት ያልወረደ ሰው አያገኝም።

የቅዳሜው ሌሊት ከባድ ነበር። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ በሆቴሉ አዳራሽ ሰርግ ነበረና ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ መስኮታችንን ያንቀጠቅጥ ነበር። ታናሿ ሦስት ጊዜ ነቃች። ሰርገኞቹን አልወቅሳቸውም፤ የደስታቸው ቀን ነው። የምወቅሰው ሰርግ መኖሩን እያወቁ ሕፃን ለያዘ ቤተሰብ በአዳራሹ በኩል ያለ ክፍል መስጠታቸውን ነው። በሌላኛው ወገን ባዶ ክፍል እንደነበረ በማግሥቱ ሰማን።

ስለ ሂሳቡ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በስልክ የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ ግብርና አገልግሎት ያልተጨመረበት ነው። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል፣ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል፤ ስለዚህ ሺህ ብር የተባለው ነገር ሂሳብ ሲወጣ 1,265 ብር ነው። ሁለት ክፍል፣ ሁለት ሌሊት፣ አምስት ሰው ሆኖ ሲባዛ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የልጆቹ ቁርስ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ የሚታሰብ መሆን አለመሆኑንም አስቀድማችሁ አስጽፉ፤ እኛን የሰባት ዓመቱን ልጅ እንደ አዋቂ አስከፍለውናል።

እሑድ በ6 ሰዓት ክፍሉን ስናስረክብ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወርዶ አነጋገረን፤ ስለ በረንዳው የነገርኩትን በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከመሄዳችን በፊት እናቴ አጥሚት ያመጡላትን ሴት ፈልገው አገኟቸውና ሁለቱ በረጅሙ ተመራረቁ። በሚመጣው ክረምት ያንኑ አካባቢ ደግመን ልንይዝ አስበናል፤ በዚያ ጊዜ ግን የምንገባው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የምንወጣው ማክሰኞ ይሆናል፤ ክፍሎቹም ከሰርግ አዳራሹ በተቃራኒው ወገን፣ በታችኛው ፎቅ፣ ቁጥራቸው በጽሑፍ የተላከልን ይሆናሉ።