«24 ሰዓት ቤታችሁ እንመጣለን» ለሚል የእንስሳት ሕክምና የዓመት ከመክፈላችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ውሻ ወይም ድመት የምታሳድጉ ሁሉ፣ «ቀንም ሌሊትም ደውሉ፣ ቤታችሁ ድረስ መጥተን እናክማለን፣ የስድስት ወር ወይም የዓመቱን ቀድማችሁ ክፈሉ» የሚል ውል ከቀረበላችሁ ብሩን በቴሌብር ለመላክ አትቸኩሉ። እንዲህ ባለው ውል ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ስልክ ቁጥር እንጂ ሕክምና አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስትደውሉ ወይ ስልኩ ዝግ ነው፣ ወይ መርፌ በኪሱ የያዘ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል።

መርፌዎቹም ያው ናቸው፦ ኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ)፣ ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ)፣ ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ)። ለሚያስመልሰውም፣ ለሚያነክሰውም፣ ለሚያስለውም። ዴክሳ ለጊዜው ስለሚያነቃ ባለቤቱ እንስሳው የዳነ ይመስለዋል። ሆኖም ዴክሳና ዳይክሎፌናክ አንድ ላይ ሲሰጡ የውሻን ጨጓራና አንጀት እስከ መብሳት ሊያቆስሉ ይችላሉ፤ ውሻው ፈሳሽ ያጣ ከሆነ ደግሞ ኩላሊቱ ይጎዳል። ለድመት ፓራሲታሞል የሚያዝ ሰው ከገጠማችሁ እንስሳችሁን ከእጁ ውሰዱ፤ አንድ ክኒን ድመት ሊገድል ይችላል።

ይህ አሠራር ከሁሉ የሚጎዳው ፓርቮ የያዘውን ቡችላ ነው። ፓርቮ ቫይረስ ስለሆነ በአንቲባዮቲክ አይሞትም፤ ቡችላውን የሚገድለው በትውከትና በደም ተቅማጥ የሚያጣው ፈሳሽ፣ ከተጎዳው አንጀት ወደ ደሙ የሚገባውም ባክቴሪያ ነው። አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ለዚህ ለሁለተኛው ነው፤ ብቻውን ግን አያድንም። ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። 5 ኪሎ የሚመዝን ቡችላ የክብደቱን 8 በመቶ ፈሳሽ አጥቶ ከሆነ የጎደለው 400 ሚሊ ሊትር ነው። ለዕለት የሚያስፈልገው ደግሞ በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ከ250 እስከ 300 ይጨመራል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ እየወጣ ያለውን ሳይቆጥሩ። ይህ በካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚቆይ ቀጭን ቱቦ)፣ ለቀናት፣ ከማስመለሻ ማስቆሚያ ጋር የሚሰጥ ነው። ወግቶ የሚሄድ ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ)፣ የውሻና የድመት ልክ ካኑላ፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን አላችሁ? የባሰበትን የት ታስተኛላችሁ? ሌሊት የሚመጣው የእንስሳት ሐኪም ነው ወይስ ረዳት? ፈቃዱን አሳዩን በሉ። ከዚያ አንድ ሌሊት ደውላችሁ ሞክሩ።

ሚዛኑ ቀልድ አይደለም። አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት 1 በመቶው ለከብት የሚሰጠው 1 ሲሲ ለ50 ኪሎ ነው። በዚያው ስሌት 5 ኪሎ ቡችላ የሚደርሰው 0.1 ሲሲ ብቻ ነው፤ በዓይን ግምት ግማሽ ሲሲ ቢወጋ አምስት እጥፍ ሆነ። መንቀጥቀጥ፣ መደንበር፣ መውደቅ ሊከተል ይችላል። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን በወረቀት ያልጻፈላችሁን አታስወጉ፤ ባዶ ብልቃጡንም አስቀሩ፣ ቀጣዩ ሐኪም ይፈልገዋል።

ጠዋት እስኪሆን የማይጠብቁ አሉ። ወንድ ድመት ሊሸና እየሞከረ ጠብታ ካልወጣው ቱቦ ገብቶ መከፈት አለበት፤ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ወግቶ የሚሄድ ፊኛውን የባሰ ይወጥረዋል። ደረተ ሰፊ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ቀዶ ሕክምና ነው፣ በሰዓታት ውስጥ። የአይጥ መርዝ ወይም የእህል ነቀዝ ክኒን (ፎስቶክሲን) ከበላ ወተትም ጨውም አትስጡት፤ ሲያስመልስ የሚወጣ ጋዝ ሰውንም ሊመርዝ ስለሚችል መስኮት ክፈቱ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ለእነዚህ የምታምኑት የባጃጅ ወይም የታክሲ ሹፌር ቁጥር ከዓመት ውል ይበልጥ ይጠቅማል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክም ቀን ሂዳችሁ ሌሊት ማን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መንጋጋው የወረደ፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ ውሻ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብሎ ባዶ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው ቤታችሁ አይግባ፤ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲህ ሊታይ ይችላል። የተነከሰ ወይም ለሃጭ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። በጥቅሉ ውስጥ ክትባት አለ ካሉም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በበረዶ ሳጥን ካልመጣ አትቀበሉ፤ የብልቃጡ ወረቀት ከነመለያ ቁጥሩ የክትባት ካርዱ ላይ ይለጠፍ።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ የቴሌብሩን መልእክት፣ ማስታወቂያውንና ያልተነሱላችሁን ጥሪዎች በስክሪን ሾት ያዙ። ገንዘባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልመለሱ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።