ስክሪኑ በፕላስተር የተሸፈነው ማሽን፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የብረት መፈለጊያ ማሽኔ ለወራት ሲዋሸኝ ከርሞ፣ ውሸቱን ያጋለጡት የ71 ዓመቱ አጎቴ ናቸው። እኔ በበኩሌ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሰው ሁሉ ሳሞግሰው ነበር።

ማሽኑን በ650 ዶላር ገዛሁት። ሻጩ አጥብቆ ያሞገሰልኝ እጀታው ላይ ያለውን ስክሪን ነበር። ከታች ያለው ክብ ሳህን ማንኛውም ብረታ ብረት ላይ ሲያልፍ ማሽኑ ይጮኻል፣ ስክሪኑም ቁጥር ያወጣል። ከፍ ያለው ቁጥር ብር ወይም መዳብ ነው፣ መካከለኛው እርሳስ፣ ዝቅተኛው የዛገ ሚስማር። «ቁጥሩ ከ20 በታች ከሆነ አትቆፍር፣ ወገብህን አድን» አለኝ። ወገቤን አዳንኩ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ጋሼ፣ ማለትም አጎቴ፣ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው መዋላቸው ስላሳሰበኝ ነው ማሽኑን የገዛሁት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቦቹ እዚያው ቨርጂኒያ፣ ካልፔፐር ካውንቲ በሚባል ወረዳ ውስጥ የእርሻ መሬት አላቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድንፈልግ በጽሑፍ ፈቀዱልን። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው መሬት መርገጥ አይታሰብም። እንደ ማናሳስ ባሉ የፌዴራል መንግሥት የጦር ሜዳ ፓርኮች ደግሞ ቅርስ መቆፈር በ1979 በወጣው ሕግ ያስከስሳል።

ቦታው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ታሪክ አለው። ካውንቲው የተቋቋመው በ1749 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ቀያሽ ሆኖ የተሾመው ገና የ17 ዓመት ልጅ የነበረው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ጋሼ ይህን ከሰሙ ጀምሮ የተገኘው የልብስ ቁልፍ ሁሉ ከዋሽንግተን ኮት የወደቀ ነው። ቁልፍ ያጣ ሰው ሆኖ እንዴት ፕሬዚዳንት እንደተመረጠ ይገርማቸዋል።

ለወራት ሥራችን እንዲህ ነበር፤ ማሽኑን እኔ እይዛለሁ፣ አካፋውን እሳቸው። በስድስት ወር ያገኘነው ሦስት ቁልፍና የማይቆጠር የቢራ ቆርቆሮ ቀለበት ነው። ስህተቱ የመሬቱ መስሎኝ ነበር። በየካቲት መጨረሻ ትከሻዬን ስላመመኝ ማሽኑን ለጋሼ ሰጠኋቸውና አካፋውን እኔ ያዝኩ።

ጋሼ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊቱ የመሐንዲስ ክፍል ውስጥ ፈንጂ ይፈልጉ ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወሩም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ማሽኑን ሲይዙት ግን እጃቸው አልረሳም። ሳህኑ ሣሩን እየነካ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው እርምጃ ግማሹን እየደገመ፣ እጅግ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። «ጋሼ፣ በዚህ አካሄድ እስከ ማታም አንጨርሰውም» አልኳቸው። «አንተ ማጭድ የያዝክ ነው የምትመስለው» አሉኝ።

ከአሮጌ የጭስ ማውጫ ፍርስራሽ አጠገብ ማሽኑ ጎርነን ባለ ድምፅ ጮኸ። ስክሪኑን አየሁ፤ 9 ይላል። «ሚስማር ነው፣ ይለፉት» አልኩ። አላለፉም። ዞረው ከጎን በኩል ሲያሳልፉበት ከጎርናናው ድምፅ መሀል አንድ ቀጭን ድምፅ ብቅ ብላ ጠፋች። «ቆፍር» አሉ። «ቁጥሩ 9 ነው እኮ፣ ጋሼ።» «እኛ ቁጥር አልነበረንም፤ ጆሮ ነበረን። ቆፍር።»

ስንዝርና አራት ጣት ያህል ወረድኩ። ከቀዩ ጭቃ መሀል አረንጓዴ ክብ ነገር ወጣ። በጣቴ ልፈትገው ስል እጄን መቱኝና በመሃረባቸው ጫፍ ላይ አኖሩት። ደርቆ ጭቃው በራሱ ሲረግፍ በአንድ ወገን የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ፊት፣ በሌላው ጋሻና «ቨርጂኒያ» የሚል ጽሑፍ፣ ከግራና ቀኝ ለሁለት የተከፈለ 1773። ለዚህች ቅኝ ግዛት ተብሎ ለንደን ውስጥ የተቀረጸ የመዳብ ግማሽ ፔኒ ነው። ንጹሕ መዳብ፣ በማሽኔ ቋንቋ የዛገ ሚስማር!

ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁት። የካልፔፐር አፈር እንደ ወላይታ አፈር ቀይ ነው፤ ቅላቱም ከብረት ነው። ማሽኑ ወደ መሬት መግነጢሳዊ ሞገድ ሲልክ አፈሩ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ ጠለቅ ብሎ የተቀበረው መዳብ በአፈሩ ጫጫታ ይዋጥና ቁጥሩ ወደ ብረት ይወርዳል። ሻጩ ይህን ቢያነብ «መመሪያው ላይ ተጽፏል» ይለኛል። አዎ፣ መጨረሻው አካባቢ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ታዲያ ሱቅህ ከካልፔፐር በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ርቀት ላይ ሆኖ አንተ ይህን አታውቅም? «እንግዲያው ፐልስ የሚባለውን የማሽን ዓይነት ግዛ» ይለኝ ይሆናል። ለቀይ አፈር የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የደህና ደህናው ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ሚስማርን ከቁልፍ መለየት ደግሞ ብዙም አይሆንለትም። ለዚያ ለዚያማ ጋሼ አሉ።

በማግስቱ ጋሼ ከመድኃኒት ሣጥኑ ፕላስተር ቆርጠው ስክሪኑ ላይ ለጠፉበት። ከዚያ ወዲህ እኔ «ጨርሻለሁ» ብዬ የተውኩትን መሬት እንደ አዲስ እየሄድንበት ነው። በስድስት ቅዳሜ 11 ጠፍጣፋ የነሐስ ቁልፍ፣ ለሁለት የተሰበረ የጫማ ዘለበትና ኖራ የተቀባች የምትመስል የጠመንጃ እርሳስ ድቡልቡል አገኘን። ሚስማርማ ሞልቷል፤ አንጥረኛ የቀጠቀጠውን ባለ አራት ማዕዘኑን ጋሼ በቡና ጣሳ ያጠራቅሙታል።

ስለ ሌላው፣ ባትሪው ጥሩ ነው፣ ክብደቱም አያስቸግርም።

እንግዲህ ልግዛው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አፈራችሁ ቀይ ከሆነ ለስክሪኑ ብላችሁ አትግዙት። እኔም ልሸጠው ነበር፤ አንድ ወዳጄ 400 ዶላር አቅርቦልኝ ተስማምተን ነበር። ሊወስደው በመጣ ዕለት ማሽኑን ባነሳው ሳህኑ የለም። ጋሼ ፈትተው አልጋቸው ሥር አስቀምጠውታል፤ የት እንደገባ ስጠይቃቸው ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቁኝ።