በበጎ ፈቃድ የማገለግልበት የአምቡላንስ ጣቢያ፦ ከአምስት ኮከብ አራት

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ልጅ ጠጋ አለችኝ። "እህቴ፣ ያ የአምቡላንስ ሥራሽ ይከፍላል እንዴ?" አይከፍልም አልኳት። "ታዲያ ምን ይጠቅምሻል?" አለች። ልጆቼ መኪና ውስጥ እየጠበቁኝ ስለነበር በደንብ ሳልመልስላት ሄድኩ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚጠይቁኝም፣ በሁለት ዓመት ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ማለቴ ነው፤ የኛ ሰው የሞላበት። እዚህ አምቡላንሱም የሚወጣው ከእሳት አደጋ ጣቢያ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈላቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት። እኔም ከበጎ ፈቃድ ጣቢያዎቹ በአንዱ ነኝ። የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

እኔ ራሴ ከመግባቴ በፊት እዚህ አገር የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሁሉ ደሞዝተኛ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ለ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት፣ በመላው አሜሪካ ከመቶ 65ቱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። 676,900 ሰው ማለት ነው። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ግን 897,750 ነበሩ። ጥሪው በዚያው ልክ አልቀነሰም፤ እንዲያውም በጣም ጨምሯል። ከግማሽ በላዩ ደግሞ እሳት ሳይሆን የታመመ ሰው ነው። ስለዚህ ጣቢያዎቹ ሰው ይፈልጋሉ። የምር ይፈልጋሉ።

ይህን ያህል ሰው የሚፈልግ ጣቢያ ሲያመለክቱለት እንዴት ዝም ይላል? ፎርሙን ሞልቼ ሦስት ወር ጠበቅኩ። አራት ጊዜ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ መልእክት ተውኩ። በመጨረሻ ከሥራ ስወጣ በአካል ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ያኔ ነው "እንኳን ደህና መጣሽ" የተባልኩት። በሩ ላይ "ጀግና እንፈልጋለን" የሚል ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። የኛ ሰው ጀግና ሁን ሲሉት ይሸሻል። "ጎረቤትህ ታሟል፣ ቶሎ ድረስ" ብትለው ግን የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። እድር የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፖስተሩን እኔ ብጽፈው እንደዚያ እጽፈው ነበር።

ትምህርቱ ግን ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። የጣቢያ አባል ከሆናችሁ አትከፍሉም። የሚያስተምረው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የእሳትና የነፍስ አድን ተቋም ነው። ለኢኤምቲ፣ ማለትም አምቡላንስ ላይ ለሚሠራ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያነት፣ ከ150 ሰዓት በላይ ትማራላችሁ፤ ከዚያ የብሔራዊው ምዝገባ ፈተና አለ። እኔ ቀን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፣ ማታ ክፍል እገባለሁ። መጽሐፉ እንደ ጡብ ይከብዳል። ደረት መጫን ስንለማመድ አስተማሪያችን አጠገቤ ተንበርክኮ ይቆጥርልኝ ነበር፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች። ክንዴ ሲዝል "ገና ነሽ" ይለኛል። እንግሊዝኛዬ ይከብደኝ ነበር። አንድ ጊዜም አላፈርኩም፣ ምክንያቱም የሚያሳፍረኝ ሰው አልነበረም። ዩኒፎርሙን፣ ጫማውን፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ሁሉ ጣቢያው ቻለልኝ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። ከማታ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው ተራው። ሁሉም ይተዋወቃል፣ ሁሉም ይሳሳቃል። እኔ አግዳሚው ላይ ጓንት በኪሴ ይዤ ተቀምጫለሁ። ራት ፒዛ መጣ፤ በሥጋ። ረቡዕ ነበር። "አልራበኝም" አልኩ። እስኪነጋ ድረስ "ስምሽ ማነው?" ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ላቆም ወስኜ ነበር። የተራው ኃላፊ ግን ምንም እንደማልበላ አስተውሎ ኖሮ "ረቡዕና ዓርብ ምን ትበያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የምስር ሾርባ ድስት ሙሉ ተሠርቶ አገኘሁ። ሁሉም በሉት። እንዲህ ያለውን ነገር በየትኛውም የማስታወቂያ ወረቀት ላይ አታገኙትም።

እንደኔ ዓይነት ሰው እዚያ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ በሁዳዴ ነው። የታካሚ ምስጢር ስለሆነ ቀኑንም ቦታውንም አልናገርም። አንዲት እናት ቤታቸው ውስጥ ተዝለፍልፈው ደረስን። ባልደረቦቼ በስልክ አስተርጓሚ ሊጠሩ ነው። እኔ ተንበረከክሁ፣ "እማማ፣ ምን ይሰማዎታል?" አልኳቸው። ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። "ልጄ፣ አዞረኝ። ብርድ መቶኝ ነው።" የስኳር መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጠዋት ወስደዋል። "እህል ቀምሰዋል?" ስላቸው ተቆጡኝ። "ሁዳዴ አይደል እንዴ! ሳይቀደስ?" ስኳራቸው ሲለካ 52 ሆኖ ተገኘ፤ በጣም ወርዷል። የስኳር ጄሉን ወደ አፋቸው ሳቀርብ እጄን ያዙኝ። "የጾም ነው?" "የጾም ነው እማማ፣ ስኳር ብቻ ነው።" ከዚያ በኋላ ዋጡት። በስልክ ያለ አስተርጓሚ "ቁርስ በልተዋል ወይ?" ብሎ ሊጠይቅላቸው ይችል ነበር። ስለ ጾሙ ግን ለማያውቁት ሰው በፍጹም አይናገሩም ነበር፤ እናቶቻችንን እናውቃቸዋለን።

ኮከብ የቀነስኩበትን ደግሞ ልናገር። ከእኔ ጋር አብረው የገቡት ስድስት ነበሩ። ዓመት ሳይሞላ አራቱ ሄዱ። አንዷ ልጇን ሌሊት የሚይዝላት አጣች። እኔም የባሌ እህት ባትኖር ኖሮ ከሄዱት አንዷ ነበርኩ። አንዱ ሁለት ሥራ ነበረው፣ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ሲገባ አልቻለውም። እነዚህን እረዳለሁ። የአንዱን ልጅ መሄድ ግን እስከዛሬ አልተቀበልኩትም።

ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ከሁላችንም የተሻለ እጅ ነበረው። አንድ ሌሊት ያልተረፈ ሕፃን ገጠመው። አምቡላንሱን አጠበ፣ ወረቀቱን ሞላ፣ ቤቱ ሄደ። ማንም አልደወለለትም። በሚቀጥለው ተራ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ዕቃውን ለመመለስ ሲመጣ በር ላይ አገኘሁት። "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብቻ ነው ያለኝ።

እኔም እንደዚያ ዓይነት ሌሊት ገጥሞኛል። ግማሽ ሰዓት ደረት ተጭነን ሰውየው አልተመለሱም። ሚስታቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጣቢያው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። "ተኛሽ? ቀመስሽ ወይ?" አሉኝ። ምንም ሌላ አላሉም መጀመሪያ። እናቴ የደወለችልኝ ነው የመሰለኝ። አለቀስኩ፤ ዝም ብለው ሰሙኝ። ማታ ደግሞ ደወሉ። በሳምንቱ ከእኔ ጋር ተራ ገቡ፣ ተራቸው ሳይሆን።

እኔ የቆየሁት በዚያ ስልክ ነው። ያ ልጅ የሄደው እሳቸው በዚያ ሳምንት ከተማ ውስጥ ስላልነበሩ ነው። አንድ ጣቢያ ይህን ያህል ሰው አስተምሮ፣ አልብሶ፣ ከትቦ፣ ከከባድ ሌሊት በኋላ ማን ይደውል የሚለውን ለዕድል መተው የለበትም። በስብሰባ ተናግሬያለሁ። እስካሁን "እናስብበታለን" ነው መልሱ። አሁን እኔና ሽማግሌው የሁሉንም ስልክ ይዘን እየተፈራረቅን እንደውላለን። ግን ይህ የሁለት ሰው ደግነት ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ተረኛ ሊመደብለት ይገባል።

ስለ ጥቅማ ጥቅም ለሚጠይቁ፦ ሜሪላንድ ለበጎ ፈቃደኛ የስቴት ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ላይ የምትቀንስለት አለ። ግን በዓመት 50 ነጥብ መሙላትና 36 ወር ማገልገል ይጠይቃል። ነጥቡ ከተራ፣ ከትምህርትና ከስብሰባ ይሰበሰባል። እኔ ገና አልደረስኩም። ለዚህ ብላችሁ አትግቡ።

መግባት ለምትፈልጉ፦ ፎርም ልካችሁ ቤት አትቀመጡ፣ በአካል ሂዱ። የክትባት ካርዳችሁን ያዙ። ልጅ ካላችሁ ሌሊት የሚይዝላችሁን ሰው አስቀድማችሁ አነጋግሩ። አማርኛ እንደምትናገሩ መጀመሪያውኑ ንገሯቸው። ጣቢያውን ሲያስጎበኟችሁ መኪኖቹን አይታችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ከከባድ ጥሪ በኋላ ጠዋት የሚደውልልኝ ማነው?" የሰውየውን ስም ከነገሯችሁ እዚያው ፈርሙ።