የአሞኒያው ፋይበር ሴንሰር ከስምንት ወር በኋላ፦ ክረምት ሲገባ ጉዱ ፈላ

አራት ኪሎ አካባቢ ላለ የኬሚካል መጋዘን በጥር የተገዛው ባለ ግራፊን ኦክሳይድ ፋይበር ሴንሰር (በቀጭን የብርጭቆ ክር ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን አሞኒያ ጋዝ የሚለካ መሣሪያ) እስከ ግንቦት እንከን አልወጣለትም። ሰኔ ሲገባ ግን አንዲት ጠርሙስ ሳትከፈት ጠዋት ጠዋት «25 ፒፒኤም አሞኒያ» (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 25ቱ) እያለ ይጮህ ጀመር። አሞኒያ የለም፤ ያለው እርጥበት ነው።

የፋይበሩ አንድ ጎን ተሞርዶ ግራፊን ኦክሳይድ (እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፎች ያሉት ቁስ) ተቀብቷል። ቅቡ ጋዝ ሲይዝ ከግሬቲንጉ (ፋይበሩ ውስጥ ተቀርጾ አንድን የሞገድ ርዝመት ብቻ ከሚመልሰው ክፍል) የሚመለሰው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ይንሸራተታል። ውሃም በንጣፎቹ መካከል ገብቶ ያሳብጠዋልና ያው ይሆናል። ሻጩ «ይህ ቅብ ምንም አያመልጠውም» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው፣ ውሃውም አላመለጠውም!

መፈተኛው ርካሽ ነው። የወጥ ጨው በጥቂት ውሃ እንደ እርጥብ አሸዋ አርጎ ክዳን ባለው ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ማድረግ፣ ሴንሰሩን ጨው ሳይነካ ከላይ አንጠልጥሎ መክደንና ማሳደር። ውስጡ 75 በመቶ እርጥበት ላይ ይረጋል። አሞኒያ በሌለበት ማሰሮ ይህ መሣሪያ 19 ፒፒኤም አነበበ። ጨው በማግኒዥየም ክሎራይድ ሲተካ (33 በመቶ) ወደ 2 ወረደ።

«ሲሊካ ጄል አድርጉበት» የሚል መካሪ አይጠፋም። እንዳትሰሙት! ሲሊካ ጄል አሞኒያውንም ስለሚይዝ የእውነት ሲያፈስ ንባቡ ዝቅ ይላል። የሠራው ማሞቅ ነው፦ 20 ዲግሪና 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። ግሬቲንጉ ግን በዲግሪ 10 ፒኮሜትር (ፒኮሜትር የናኖሜትር ሺህኛ ነው) ገደማ ስለሚንሸራተት ሙቀቱ ብቻውን 100 ፒኮሜትር ሐሰት ይጨምራል። ስለዚህ ያልተቀባ ሁለተኛ ግሬቲንግ አጠገቡ አስቀምጦ ልዩነቱን መውሰድ ግድ ነው።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያው ፒፒኤም እዚህ ያነሰ ጋዝ ማለት ነውና ካሊብሬሽኑም (ንባቡን ከታወቀ መጠን ጋር ማስተካከሉ) እዚሁ ይደገም። ገመዱ? አረንጓዴውን ኮኔክተር (ጫፉ የተዘነበለውን) ከሰማያዊው (ካልተዘነበለው) ጋር እስካላጋቡት ድረስ ሰላም ነው።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ፋይበር የተመረጠው በቀላሉ የሚቀጣጠሉ አሟሚ ፈሳሾች ባሉበት ክፍል ኤሌክትሪክ እንዳይገባ ነበር። ማሞቂያው ደግሞ ሽቦ ይፈልጋል። አሁን አየሩ በቴፍሎን ቱቦ ተስቦ ኮሪደር ላይ ይሞቃል፣ ሴንሰሩም እዚያው ወጥቷል። ኮሪደር ላይማ ተራው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር መች አነሰ?